መልስ፦ በስፖርት ያቃጠልኩትን ካሎሪ መልሼ ልብላው?

የእጅ ሰዓቴ «600 ካሎሪ አቃጥለሃል» ስላለኝ ያንኑ ያህል ጨምሬ ልብላ ወይ ላልከው፦ ሙሉውን መልሰህ አትብላ። የዕለት ካሎሪህን ስታሰላ መተግበሪያው ላይ «በሳምንት አራት ቀን ስፖርት እሠራለሁ» ብለህ ከሞላህ ስፖርቱ እዚያው ተቆጥሯል፤ እንደገና መጨመር አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው። ክብደት አልቀንስ የሚላቸው ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

«ብዙም አልንቀሳቀስም» ብለህ ሞልተህ ከሆነ ግን ግማሹን ያህል መልሰህ ብላ። ሰዓቶች ብዙ ጊዜ ያጋንናሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ዝም ብለህ ብትቀመጥም የምታቃጥለውን ይደምሩበታል። ለማመሳከር ያህል፣ ስትሮጥ በአንድ ኪሎሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትህ 1 ካሎሪ ገደማ ይቃጠላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎሜትር ቢሮጥ 350 አካባቢ ነው፤ በእግር ከሄደው የዚያ ግማሽ ገደማ። (አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ነው፤ ሳይለኩ ማፍሰስ ስንቱን ልፋት ገደል ይከታል!)

ከዚያ ለሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ተመዘንና የየሳምንቱን አማካይ አወዳድር። ክብደት ለመቀነስ ፈልገህ ካልወረደ ከምትበላው በቀን 150 ካሎሪ ያህል ቀንስ። በሳምንት ከክብደትህ 1 በመቶ በላይ ከወረደ ወይም ልምምድ ላይ ጉልበት ከከዳህ ጨምር።