ኪንግስኔክ ልታራባ ስትነሳ መጀመሪያ ስለ ሆዳቸው አስብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ጥንድ የካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ የሚባሉ እባቦች አሉህ። ወንዱ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ሦስት። «አንድ ሳጥን ውስጥ ላድርጋቸውና የቀረውን ለእነሱ ልተወው?» ብለሃል። አጭሩ መልስ፦ እንዳታደርገው! ረጅሙ ይኸውልህ።

እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ነበር ያሰብኩት። ወንዱን አንስቼ ሴቷ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሴቷ ምግብ ካየች ስምንት ቀን አልፏታል፤ እኔ እቴ፣ ይህ ትዝም አላለኝ። ምላሷን ሁለት ሦስቴ አወጣች፣ ከዚያ ወገቡ ላይ ነክሳ ጥምጥም አለችበት። ኪንግስኔክ በዱር ሌሎች እባቦችን ይበላል፤ ራትልስኔክ የሚባለውን ጅራቱን የሚያንኳኳ መርዘኛ እባብ እንኳ አይምርም፣ መርዙን ይቋቋመዋል። ስለዚህ ለተራበች ሴት የገባላት ባል ሳይሆን ምሳ ነው። ሁለቱንም እንደተጠማጠሙ ቧንቧ ስር ወስጄ ራሷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስለቅባት ነው የተወችው። ወንዱ ተረፈ፤ ወገቡ ላይ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ምልክት ግን ቀርቶበት ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጠግበው ይገናኙ። ሁለቱንም አብላቸው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፍጩት፣ ከዚያ ሴቷን ወደ ወንዱ ሳጥን አስገባት። አንተም አጠገባቸው ተቀመጥ። ስልክህን እያየህ አይደለም፣ እነሱን እያየህ። ወንዱ ጀርባዋ ላይ እየተሳበ ሰውነቱን ንዝር ንዝር ካደረገ፣ ጅራቱን ከጅራቷ ጋር ለማጠላለፍ ከሞከረ፣ ነገሩ በደህና መንገድ ላይ ነው። አንገቷን በአፉ ያዝ ሊያደርግ ይችላል፤ አትደንግጥ፣ የስሪያ ንክሻ ነው። የምግብ ንክሻ ሌላ ነው። እሱ በፍጥነት ይመጣል፣ ወዲያው መጠምጠም ይከተላል። ያኔ አታመንታ፣ አላቅቃቸው። ስሪያው በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል፣ ሰዓታትም ሊወስድ ይችላል። ሲጨርሱ ለየብቻ መልሳቸው። በየሦስት ቀኑ ድገመው፤ ሴቷ መሸሽ ስትጀምር አቁም። አብረው እንዲያድሩ በፍጹም!

አሁን ወደ ኋላ ልመልስህ፤ እዚያ ከመድረስህ በፊት ወራት የሚፈጅ ሥራ አለ።

«ሦስት ዓመቷ ነው» አልክ እንጂ ክብደቷን አልነገርከንም። እኔ ከዕድሜ ይልቅ ሚዛን ነው የማምነው። ከ300 ግራም በታች የሆነች ሴት አላራባም። እንቁላል ከሰውነቷ ብዙ ይወስድባታል፤ ከሲታ ከሆነች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ያ ደግሞ ለሕይወቷ ያሰጋል። በዚያው አጋጣሚ ጾታቸውንም ልምድ ያለው ሰው ያረጋግጥልህ። ጥንድ ናቸው ተብሎ የተገዙ ሁለት ወንዶች ሲደባደቡ ያየ ሰው ይህን አይንቅም።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ ነው። በዱር የብርዱን ወራት ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ፤ ጸደይ ሲመጣ ለስሪያ የሚነሳሱት ከዚያ እንቅልፍ ወጥተው ነው። ቤት ውስጥም ያንኑ ትሠራላቸዋለህ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ምግብ አቁም፣ ሙቀቱን ግን እንዳለ ተወው፤ አንጀታቸው ባዶ ይሁን። ሆዱ ውስጥ ምግብ እያለ የቀዘቀዘ እባብ መፍጨት ስለማይችል ምግቡ እዚያው ይበሰብስበታል። ከዚያ ቀስ በቀስ እስከ 10–13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አውርድ። ጨለማ ይሁን፣ ንጹሕ ውሃ አይጥፋ፣ እንዲህ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይቆዩ። የታመመ ወይም የከሳ እባብ እንዳታቀዘቅዝ። ሳያቀዘቅዝ የተሳካለት ሰው አለ፤ እኔ ግን አልመክርህም።

ስታነቃቸውም በአንድ ጊዜ አታሙቃቸው። የመጀመሪያው ምግብ ትንሽ ይሁን። ከዚያ በኋላ ሴቷን በደንብ መግብ፤ እኔ በየአምስት ቀኑ ነው የምሰጣት። ከአንድ ወር በኋላ ገደማ ቆዳዋን ትጥላለች። የምትጠብቀው ምልክት ይህ ነው፤ ከላይ ያልኩህ ማገናኘት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ካረገዘች ከወገቧ በታች ያለው ይወፍራል፣ ብዙ ጊዜ ምግብ ትተዋለች፣ ሙቀቱ ባለበት በኩል ትጋደማለች። ልትጥል ስትቃረብ እንደገና ቆዳ ትለውጣለች፤ ከዚያ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንቁላሉን ትጥላለች። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውሰድ፣ ጎኑን እሷን በሚያስገባ ልክ ብሳው፣ ውስጡን በእርጥብ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ተክል) ሙላውና ቀደም ብለህ አስገባላት። ካላዘጋጀህላት የውሃ ሳህኗ ውስጥ ልትጥለው ትችላለች፤ ውሃ ውስጥ የቆየ እንቁላል ደግሞ አይተርፍም።

እንቁላሎቹን ስታነሳ እንዳታገላብጣቸው። የዶሮ እንቁላል ይገላበጣል፣ የእባብ ግን አይገላበጥም፤ ፅንሱ ከላይኛው ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ከዞረ ሊሞት ይችላል። አናታቸው ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግ፣ ነጥቡ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። ከተጣበቁ አትነጣጥላቸው፣ እንዳሉ አስቀምጣቸው። ቢጫ፣ ትንንሽና ሰም የመሰሉት ያልጸነሱ ናቸው። ማስቀመጫው እርጥብ ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ፍርፋሪ ማዕድን) ነው፤ በእጅህ ስትጨምቀው ጠብታ ብቻ እንጂ ውሃ መውረድ የለበትም። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ ቆይታው ሁለት ወር ገደማ። የእንቁላሉን ማሞቂያ እሷ ከመጣሏ ከሳምንት በፊት ባዶውን አብርተህ ፈትነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየሰዓቱ ክዳን እከፍት ነበር፤ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር እርጥበቱን ማባከን ነው። መጨረሻው ላይ እንቁላሉ ጎድጎድ ቢል ጤነኛ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎደጎደ ግን ደርቋል ማለት ነው።

እናቲቱንም አትርሳት፤ ከጣለች በኋላ ቆዳና አጥንት ትሆናለች። ትንንሽ ምግብ ቶሎ ቶሎ ስጣት።

ሲፈለፈሉ ቅርፊቱን ሰንጥቀው አፍንጫቸውን ብቻ ያወጣሉ፣ እንዲያ እንዳሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያሉ። እጅህ ይበላሃል፣ አውቃለሁ፤ ግን አትጎትታቸው። የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዳቸው እየሳቡ ነው። ከወጡ በኋላ እያንዳንዱን ለየብቻ በትንሽ ዕቃ አስቀምጥ፣ እርጥብ ወረቀትና ውሃ አድርግለት። ለአንድ ሌሊት እንኳ አብረው አይደሩ፤ ወንድሙን የሚውጥ ጫጩት አለ። ከሳምንት በኋላ ገደማ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ይጥላሉ፤ ከዚያ ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል ትሰጣቸዋለህ። አልበላም የሚል አይጠፋም። ግልገሏን አጥበህ ስጠው፣ ወይም ጨለማ በሆነ ጠባብ ዕቃ ውስጥ አብረህ አሳድራቸው። እንሽላሊት ላይ የታሸች አይጥ ብዙውን እምቢተኛ አፉን ታስከፍተዋለች። አንዱ የኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቢ ብሎኝ አራተኛው ላይ እንዲህ ነው የበላው።

አሁን ቁጥሩን አስበው። አንድ ጊዜ የምትጥለው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ነው። አሥር ከተፈለፈሉ አሥር ሳጥን፣ አሥር የውሃ ሳህን፣ በየሳምንቱ ቢያንስ አሥር ግልገል አይጥ ያስፈልግሃል። ማን እንደሚወስዳቸው ዛሬ ካላወቅክ አትጀምር። ባለህበት አገር እባብ ማርባት ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነም ጠይቅ። «ከበዙ ዱር እለቃቸዋለሁ» የሚል ሐሳብ ካለህ ደግሞ የስፔን ግዛት የሆነችውን የግራን ካናሪያ ደሴት አስታውስ። ከሰው ቤት ያመለጡና የተለቀቁ የካሊፎርኒያ ኪንግስኔኮች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ተራብተው የደሴቲቱን ብርቅዬ እንሽላሊቶች እየጨረሱ ነው።

ለጊዜው ግን ሚዛን አውጣና ሴቷን መዝናት። ስንት ግራም እንደሆነች እዚሁ ጻፍልኝ፤ ዘንድሮ ትቀዝቅዝ ወይስ አንድ ዓመት ትጠብቅ የሚለውን ከዚያ እንነጋገርበታለን።