አማና፦ ከሃምሳ በላይ ወጥ ቤቶች የመገቧቸው ሰባት መንደሮች

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ጀርመኖች የሰፈሩባቸው የአማና መንደሮች ነዋሪዎች አሚሾች (ዘመናዊ ማሽንን የሚሸሹት ክርስቲያኖች) ናቸው? ያለ ደመወዝ፣ ከአንድ ማዕድ እየበሉ ኖሩ የሚባለውስ እንዴት ይሆን ነበር? ለምንስ ቀረ?

መልስ፦ አሚሾች አይደሉም። ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል እንጂ አማናዎች በማሽን የሚሠራ የሱፍ ፋብሪካ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። እምነታቸው በ1714 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በጀርመን ሄሰን ተጀመረ፤ እግዚአብሔር እንደ ጥንቱ ዛሬም በመረጣቸው ሰዎች አንደበት ይናገራል ይላል። ወታደር አንሆንም፣ አንምልም፣ ልጆቻችንን መንግሥት ትምህርት ቤት አንልክም በማለታቸው ስለተቀጡ፣ በ1840ዎቹ በክርስቲያን ሜትስ መሪነት ወደ አሜሪካ ተሰደው ኒው ዮርክ ግዛት፣ ባፋሎ ከተማ አጠገብ ሰፈሩ። ከተማው እየሰፋ መሬት ሲወደድባቸው በ1855 አዮዋ ገቡ። ስድስቱን መንደር ራሳቸው ቆረቆሩ፤ ሰባተኛውን፣ ሆምስቴድን፣ ባቡር ስለሚያልፍበት በ1861 ገዙት።

መሬቱ፣ ፋብሪካውና ቤቱ ሁሉ የማኅበሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው በመንደሩ ሱቅ ዓመታዊ ሒሳብ ይያዝለታል፤ የፈለገውን ሲወስድ ከዚያ ይቀነሳል።

የኑሮው ምሰሶ ግን ወጥ ቤቱ ነው። በየመኖሪያ ቤቱ ማድቤት አልነበረም። ከ50 በላይ የጋራ ወጥ ቤቶች እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 40 ሰው ያበላሉ። አንዲት ሴት አለቃ ትሆናለች፤ ልጃገረዶች በ14 ዓመታቸው ትምህርት ሲጨርሱ ሥራ ይጀምራሉ። በተራ አንዷ ታበስላለች፣ ሌላዋ ዕቃ ታጥባለች፣ ሌላዋ አትክልት ትልጣለች። ምድጃው በጡብ የተሠራ፣ በእንጨት የሚነድ ነው። አትክልቱ ከወጥ ቤቱ የራሱ ጓሮ፣ ዳቦና ሥጋው ከመንደሩ ዳቦ ቤትና ሥጋ ቤት ይመጣል። ቁርስ ከንጋቱ 12፣ ምሳ 5፡30፣ እራት 12፡30 ገደማ ሲሆን 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ መክሰስ አለ። ወንድና ሴት በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው፣ ጸልየው፣ ያለ ወሬ በልተው ይነሳሉ።

ለማብቃቱ ብዙዎች የሚጠቅሱት የ1923ቱን ቃጠሎ ነው። ዱቄት ወፍጮውና የሱፍ ፋብሪካው ኢንሹራንስ ሳይኖራቸው ተቃጠሉ፤ በላዩ ላይ የ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። በእኛ እምነት ግን መላላቱ ቀድሞ በወጥ ቤቱ ታይቷል፤ ቤተሰቦች ድርሻቸውን በቅርጫት እየወሰዱ ቤታቸው መብላት ጀምረው ነበር። ማዕዱ ከተለየ፣ ወጣቱ የራሴ የሚለውን መፈለጉ አይቀርም። አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ሰኔ 1 ቀን 1932 ቤተ ክርስቲያኑንና ንግዱን ለዩ፤ ወጥ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ለአዋቂ አባላት አክሲዮን ተሰጠ፣ ደመወዝም ተጀመረ።

ጥያቄ፦ አማና የሚባለው ፍሪጅስ የመጣው ከዚሁ ነው?

መልስ፦ አዎ። ጆርጅ ፎርስትነር የሚባል የአካባቢው ሰው በ1934 በመጠጥ ማቀዝቀዣ ጀመረው፤ የንግድ ምልክቱ ዛሬ የቤት ዕቃ አምራቹ የዊርልፑል ነው። የጋራ ወጥ ቤቱን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሚድል አማና ይሂድ፤ አንዱ ከነምድጃው በሙዚየምነት ተጠብቋል።