መጀመሪያ የገበያውን ቀን ጠይቂ

እህቴ፣ የጻፍሽው ይህ ነው፦ 5ኛ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነሽ፤ ለሁለት ወር ልምምድ ቡሬ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ተመድበሻል፤ ከተመለስሽ በሦስተኛው ሳምንት ፈተና ይጠብቅሻል፤ ማታ ደብተር ስትገልጪ ደግሞ እንቅልፍ ይጥልሻል። «ሁለቱን እንዴት ላስኪደው?» ነው ጥያቄሽ።

«ቀን ሥሪ፣ ማታ አጥኚ» የሚልሽን አትስሚ። ቀኑን ሙሉ በሬ ስታስጥይና ስትወጊ ውለሽ ማታ ሦስት ሰዓት ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) ማንበብ አይቻልም፤ ብታነቢም አይያዝም። የሚያዋጣው ጥናቱን ከገበሬው ቀን መቁጠሪያ ጋር ማስኬድ ነው።

ክሊኒኩ በደረስሽ ቀን መጀመሪያ የገበያውን ቀን ጠይቂ። በገበያ ቀን ሰዉ ወደ ከተማ ሲወጣ የታመመውንም ይነዳል፤ ክራሹ (ከብቱ ለሕክምና ገብቶ የሚቆምበት ጠባብ አጥር) እስከ ቀትር ባዶ አይሆንም። በማግሥቱ ግቢው ጭር ይላል። ቀጥሎ በዓላቱን ያዢ። በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም በሬ ስለማይጠመድ፣ ሰንብቶ የቆየ የበሬ ሕመም የሚመጣው ያኔ ነው። በእርሻ ወቅት በሥራ ቀን በሬውን ፈትቶ የሚያመጣ ገበሬ ካየሽ በሬው ጭራሽ መጎተት አቅቶታል ማለት ነው፤ ያንን ኬዝ እንዳያመልጥሽ።

ስለዚህ በገበያና በበዓል ቀን ምንም አታንብቢ፤ እዪ፣ ንኪ፣ መዝግቢ። የገበያው ማግሥት የጥናት ቀንሽ ነው። በቀሩት ቀናት ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ተኩል አንብቢ፤ ማታ 40 ደቂቃ ብቻ፣ እሱም ለአንድ ኬዝ። ከዚያ ተኚ።

40 ደቂቃው የሚሠራው ቀን ላይ ማስታወሻሽን በደንብ ከያዝሽ ነው። ኪስ የሚገባ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዢ። በግራው ገጽ ቀን ላይ ዝርያ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ባለቤቱ የተናገረው በራሱ ቃል፣ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ቁጥር፣ የዓይን ሽፋን ቀለም፣ የተሰጠው መድኃኒት ከነመጠኑ ይጻፋል። ቀኙን ባዶ ተይው። ማታ ቀኙ ላይ አራት ነገር ትሞያለሽ፦ ይህን ሊመስሉ የሚችሉ ሦስት በሽታዎች፣ የሚለዩበት ምርመራ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራና ከስንት ቀን በኋላ ወተቱ ወይም ሥጋው እንደሚበላ፣ መከላከያው። በቀን አንድ ብቻ። በሁለት ወር ወደ 40 ኬዝ ይሆናል፤ ይህ ከማንኛውም የተባዛ ሃንድአውት ይበልጣል።

ሙቀት ስትለኪ ሁለት ስህተት ተጠንቀቂ። ቴርሞሜትሩ እበት ውስጥ ከተሰካ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ወደ ጎን ዘንበል አድርገሽ የአንጀቱን ግድግዳ አስነኪው። ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ የመጣ በሬ ደግሞ ሳይታመም ትኩሳት ያሳያል፤ ጥላ ሥር 20 ደቂቃ ይረፍ። የጤነኛ ከብት ሙቀት 38–39.3፣ የበግ 38.5–39.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አህያ ከሁለቱም ዝቅ ትላለች፤ የከብቱን ቁጥር ለአህያ መጠቀም ፈተና ላይም ክሊኒክ ላይም የተለመደ ስህተት ነው።

አሁን አንድ ኬዝ ስንት ኮርስ እንደሚይዝ ላሳይሽ። ረግረግ ዳር የሚሰማሩ በጎች ባሉበት ቀበሌ መንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረች፣ የዓይኗ ሽፋን የነጣ የዋሸራ ዝርያ በግ ትመጣልሻለች። ባለቤቱን «አባቴ፣ ውሃ የት ነው የምትጠጣው? ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው?» ብለሽ ጠይቂ። የጉበት ትል ከጠረጠርሽ ፋንድያውን በጨው ውሃ አታንሳፊው። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በተለመደው የጨው ሙሌት አይንሳፈፍም፤ ብዙ ተማሪ «ነጌቲቭ» ብሎ የሚጽፈው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራው ማዝቀጥ ነው፦ 3 ግራም ፋንድያ በ40–50 ሚሊ ሊትር ውሃ በደንብ በጥብጪ፣ በሻይ ማጥለያ አጥሪ፣ በቱቦ 5 ደቂቃ አስቀምጪ፣ ላዩን ቀስ ብለሽ ድፊ፣ እንደገና ውሃ ጨምረሽ 5 ደቂቃ፣ ድፊ። ዝቃጩ ላይ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ማቅለሚያ ጨምረሽ ስላይድ ላይ አድርጊ። ሌላው ቆሻሻ ሰማያዊ ሲሆን የፋሲዮላ (የጉበት ትሉ) እንቁላል ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ጎልቶ ይታያል፤ የፓራምፊስቶም (የጨጓራ ትል) እንቁላል ግን ቀለም የለውም። ይህን ልዩነት አንዴ በዓይንሽ ካየሽው ከመጽሐፍ መሸምደድ አያስፈልግሽም።

እዚያው ላይ ፓቶሎጂው ይመጣል። ትሉ ከተበላ በኋላ እንቁላል እስኪጥል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጉበቱን ገና እየቆፈሩ ባሉ ጮርቃ ትሎች ድንገት የሞተች በግ ፋንድያዋ ንጹሕ ነው። ፋርማኮሎጂውም ይከተላል፦ አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደጉትን ነው፤ ትሪክላቤንዳዞል ጮርቃዎቹንም ይገድላል። «በሽታው ለምን ከክረምት በኋላ ይበዛል?» ስትዪ ትሉ የሚያድግበት ቀንድ አውጣ ይመጣል፣ ፓራሲቶሎጂው ያልቃል። አንድ በግ፣ ሦስት ኮርስ።

ሁለተኛው ኬዝ በደም ጥገኛ የሚመጣው ገንዲ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ዝቅ ባሉና በምዕራቡ ቆላ ቀበሌዎች የቆላ ዝንብ ያስተላልፈዋል፤ ጣና ዙሪያ ግን የቆላ ዝንብ ሳይኖር ቪቫክስ የተባለው ዓይነት በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል። ይህን ጥያቄ ፈታኞች ይወዱታል። ደም ከጆሮ ደም ሥር በካፒላሪ (ቀጭን የመስታወት ቱቦ) ቅጂና በማይክሮሄማቶክሪት ማሽከርከሪያ በደቂቃ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ አሽከርክሪ፤ የከብት ፒሲቪ (የቀይ ደም ሕዋሳት ድርሻ በመቶ) ከ24 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ። ከቀዩ ደም በላይ ያለውን ነጭ ስስ ንብርብር ወዲያው በማይክሮስኮፕ እዪው፤ ካቆየሽው ጥገኛው ይሞትና እንቅስቃሴው ይጠፋል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ መጠን ነው። የገንዲ መድኃኒት የሆነው ዲሚናዚን 3.5 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው። 1.05 ግራም ዲሚናዚን የያዘው ከረጢት በ15 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲሟሟ 300 ኪሎ ያክማል፤ 1 ሚሊ ለ20 ኪሎ ማለት ነው። በዓይን ግምት አትስጪ። የደረት ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለኪ፣ በራሱ አባዢው፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ ቂጥ አጥንት ባለው ርዝመት አባዢው፣ ለ10,840 አካፍዪው። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 249 ኪሎ ይመጣል፤ 12.5 ሚሊ ሊትር፣ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ አድርጎ፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ። «ግማሽ ከረጢት ይበቃዋል» ብሎ ማሳነስ ገበሬውን ገንዘብ ያዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን የሚቋቋም ጥገኛ የሚፈጠረው በዚያ ነው። በሬው በወሩ ተመልሶ ይወድቃል፣ እርሻው ያልፋል።

ሌላው የሚረሳው የበሽታ ስም ነገር ነው። ገበሬው በአማርኛ ይነግርሻል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይጠይቅሻል። በደብተርሽ መጨረሻ ገጽ ላይ አባሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ጎርርሳ፣ አፍተግር፣ ገንዲ ብለሽ ጻፊና ጎን ለጎን ሳይንሳዊ ስሙን አስቀምጪ። ድንገት የሞተውን ሁሉ «አባሰንጋ» የሚል ሰው አለና ምልክቱን ሳትጠይቂ ስሙን አትቀበዪ። «ደስታ» የሚለውንም ሽማግሌዎች ሲያነሱት ትሰሚያለሽ፤ ያ በክፉ ቀን ዘመን ከብቱን የጨረሰው በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ከእንስሳት በሽታዎች የመጀመሪያው።

ክሊኒኩ የማያሳይሽ ብዙ አለ፦ ዶሮ፣ የሥጋ ምርመራ፣ የውሻና የድመት ሕክምና፣ ቶክሲኮሎጂ (የመርዝ ትምህርት)፣ ኢፒዴሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት)። የገበያው ማግሥትና የእሑድ ከሰዓት የእነዚህ ነው። ኢፒዴሚዮሎጂን ግን ከመጽሐፍ አትጀምሪው። የክሊኒኩን መዝገብ አስፈቅደሽ የአንድ ወር ኬዝ በዝርያና በበሽታ ቁጠሪ። ከዚያ «ይህ ቁጥር የወረዳውን ስርጭት ያሳያል?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። አያሳይም፤ ወደ ክሊኒክ የመጣው ብቻ ነውና። የናሙና መዛባት ማለት ይኸው ነው።

ስለ ራስሽ ደኅንነት፦ ከመሄድሽ በፊት የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት ተከተቢ። ያስወረደች ላም የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አትንኪ። ከአፍ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም እየወጣ የሞተ ከብት በማንም ግፊት አይከፈትም፤ አባሰንጋ ከሆነ ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ ስፖር (ለዓመታት የማይሞት ጠንካራ ዘር) ይሠራና አፈሩ ለዓመታት ይበከላል።

ሎግቡክሽን (የልምምድ መዝገብሽን) በየሳምንቱ ዓርብ አስፈርሚ። መጨረሻ ላይ ላስፈርም ካልሽ ኃላፊው ለክትባት ዘመቻ ቀበሌ ወጥቶ ይጠብቅሻል። በናሙና ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፊ፣ ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ በእርሳስ የጻፍሽውን ቁራጭ ወረቀት ከጠርሙሱ ጋር እሰሪ። መብራት ሲጠፋ እንዳትቸገሪ የምታነቢውን ሁሉ ስልክሽ ላይ አውርደሽ ሂጂ።

ስትመለሺ ሦስት ሳምንት አለሽ። የመጀመሪያውን የደብተርሽን ቀኝ ገጾች በእጅ ሸፍነሽ በቃል ለመመለስ፣ ሁለተኛውን ላላየሻቸው ኮርሶች፣ ሦስተኛውን ለጥያቄ ብቻ አድርጊው። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ ምርጫ ስለሆነ፣ ቢያንስ ግማሹን ልምምድ ከአሁኑ ስክሪን ላይ፣ ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። መጠን የማስላት ጥያቄ ሲመጣ ካልኩሌተር ሳትነኪ በወረቀት አስይው፤ ክራሹ አጠገብም የሚጠብቅሽ እሱ ነው።