ልጅ መሆኗን በምን አወቁ?

ሕፃን ኮከቦችን ሳጠና እኔ አረጀሁ። ተማሪዎቼ ይህን ስል ይስቃሉ፤ ይሳቁ። እናንተ ግን ሥነ ፈለክ ልትማሩ ካሰባችሁ ሁለት ነገር ላውጋችሁ።

አንድ ቀን ልጆች ፊት ቆሜ ስለ ኮከብ አወላለድ አወራለሁ። ያው የለመድኩትን ነው። የጋዝና የአቧራ ደመና አለ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ፣ በራሱ ስበት ይሰበሰባል፣ መሃሉ ይግላል፣ ኮከብ ትወለዳለች። አለቀ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና "ስትወለድ አይተዋታል?" አለችኝ። አላየሁም። "ታዲያ ልጅ መሆኗን በምን አወቁ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔን ላብ ላብ አለኝ።

መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ፀሐይን የምታክል ኮከብ ተረጋግታ ሃይድሮጅኗን ወደ ሂሊየም እየለወጠች መኖር እስክትጀምር 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ አንዷን ከጥንስሷ ጀምሮ የሚከታተል ሰው የለም፣ ሕፃኑን፣ ጎረምሳውንና ሽማግሌውን በአንድ ቀን አይቶ ሰው እንዴት እንደሚያድግ እንደሚገምት እንግዳ ነው የምንሠራው። ምልክትም አለን። ሊትየም የሚባለው ንጥረ ነገር ሙቀት አይችልም፣ 2.5 ሚሊዮን ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይጠፋል። ከፀሐይ የምታንስ ኮከብ ብርሃን ውስጥ በብዛት ከታየ፣ ገና ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ለዓመታት ጽፌበታለሁ። አንድም ቀን ግን ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ እና ስሞክር ለራሴም ያልጠራኝ ቦታ ብዙ ሆኖ አገኘሁት። ማታውን ማስታወሻዬን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ስለዚህ ወጥታችሁ አስረዱ። ጊዜ ማባከን ነው የሚል አይጠፋም፣ እኔንም ብለውኛል።

ሁለተኛው እስከዛሬ ይቆጨኛል። ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ኮከብ ልኬቴ ላይ በድንገት ደምቃ ታየች። መሣሪያው ነው ብዬ ሰረዝኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ ሕፃኗ ኮከብ ላይ በእኩል አይወርድም። ዙሪያዋን እንደ ሰፌድ በተዘረጋ ዲስክ ይጠራቀምና አንዳንዴ ዝርግፍ ይላል፣ ያኔ ትደምቃለች። ኤፍ ዩ ኦሪዮኒስ የምትባለው በ1936 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከ100 እጥፍ በላይ ደመቀች። በ2004 ደግሞ ጄይ ማክኒል የሚባል አማተር ኬንታኪ ውስጥ፣ በ3 ኢንች ቴሌስኮፕ፣ ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ አካባቢ ካርታ ላይ የሌለ የብርሃን ጭጋግ ፎቶው ላይ አገኘ። ጭጋጉን ያበራችው የደመቀች ሕፃን ኮከብ ነበረች። 3 ኢንች! የኔ መሣሪያ ከዚያ ስንት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሰውዬው "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ፣ እኔ ሰረዝኩ፤ ልዩነታችን ይቺው ናት።

ግር ያላችሁን ቁጥር ለብቻው አስቀምጡት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ ጻፉበት። ከአሥሩ ዘጠኙ የመሣሪያ ስህተት ይሆናል፣ አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። የኔዋ ኮከብ እውነት ደምቃ ይሁን መሣሪያው አብዶ፣ ዛሬ ላጣራ ብል አልችልም። ልኬቱ የለማ።