የሁለት ገጽ ሚና ብቻ ለተሰጣችሁ

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ «ጋሼ፣ መሪ ተዋናይ የምሆነው መቼ ነው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው አይገርመኝም። ግን በዚህ ሙያ ስኖር እንዳየሁት፣ ተመልካች ልብ ውስጥ የሚቀረው ሁልጊዜ መሪው አይደለም። እስቲ ስለ ፒተር ፎልክ ላውራችሁ።

ፎልክ እ.ኤ.አ. በ1927 ኒውዮርክ የተወለደ አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። በሦስት ዓመቱ ቀኝ ዓይኑን በካንሰር አጣ። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በሰው ሠራሽ ዓይን ነው። ቁመናውም የፊልም ጀግና የሚያሰኝ አልነበረም። (ውበት አይጠቅምም አልልም፤ በደንብ ይጠቅማል።) ወደ ትወና ጠቅልሎ ከመግባቱ በፊት በኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ፣ የበጀት ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ቀን ቀን ወረቀት ያገላብጣል፣ ማታ ከአማተር ቲያትረኞች ጋር ይለማመዳል። ሥራ ይዛችሁ ትወና የምትማሩ ካላችሁ አትፈሩ። የቤት ኪራይ የማያስጨንቀው ተዋናይ ኦዲሽን (የተዋናይ መረጣ) ላይ አይለማመጥም።

በ1960 በአንድ የወንበዴዎች ፊልም ላይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫወተ። ፊልሙን ዛሬ ስንቱ ያስታውሰዋል? እሱ ግን በረዳት ተዋናይነት ለኦስካር ታጨ። በቀጣዩ ዓመት በወጣ ፊልምም እንደገና ታጨ። አላሸነፈም፤ በር ግን ተከፈተለት።

ከዚያ ኮሎምቦ መጣ። ከ1968 ጀምሮ፣ በመሃል እየተቋረጠ እስከ 2003 በቴሌቪዥን ድራማ የተጫወተው መርማሪ ፖሊስ ነው። አራት ጊዜ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አሸልሞታል። ያ የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት የራሱ ነበር፤ ከቤቱ ነው ያመጣው።

ይህን ድራማ ለትምህርት ስትሉ እዩት። ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያውቃል። ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ፎልክ ሲያዳምጥ ማየት። ገዳዩ ያወራል፣ ይኩራራል፣ ያብራራል። ኮሎምቦ ኪሱን ይዳብሳል፣ እርሳስ ያጣል፣ ስለ ሚስቱ ያወራል፣ ይሰናበታል። በሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ሞኝ ይመስላል፤ ያቺ አንዷ ዓይን ግን ሥራ ላይ ናት። እናንተ ደግሞ፣ አትቀየሙኝና፣ ሌላው ሲናገር የራሳችሁን ተራ ትጠብቃላችሁ። ከንፈራችሁ ቀድሞ ሲዘጋጅ ይታያል። መድረክ ላይ ሊያመልጥ ይችላል፤ ካሜራ ግን አይምራችሁም።

ዝነኛ ከሆነ በኋላም ፎልክ የሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ መግባት አልከበደውም። በ1974 በወጣው የጓደኛው የጆን ካሳቬትስ ፊልም ላይ ባል ሆኖ ተጫወተ፤ ለሥራውም የራሱን ገንዘብ አወጣ። የፊልሙ ልብ ግን ሚስትየዋ ነች። ከተዋናዮቹ ለኦስካር የታጨችውም እሷን የተጫወተችው ጂና ሮውላንድስ ናት። በ1987 በወጣ ፊልም ላይ ደግሞ ለታመመ የልጅ ልጁ መጽሐፍ የሚያነብ አያት ሆኖ ተጫወተ። ብዙውን ጊዜ ወንበር ላይ ነው፤ ያም ሆኖ ይወደዳል።

እንግዲህ ሁለት ገጽ ሲሰጣችሁ ሙሉ ስክሪፕቱን ጠይቁ። ካልሰጧችሁ፣ ሰውየው ወደዚያ ክፍል ከመግባቱ በፊት የት እንደነበር ራሳችሁ ወስኑ። ጫማው ይጠበዋል? አበዳሪው እየፈለገው ነው? ለማንም አትንገሩ፤ ይዛችሁት ግቡ። ዳይሬክተሩ ቀረጻውን አቁሞ «ምን እያደረግክ ነው?» ካለ፣ ያኔ አስረዱት።