በሬዎቹ አይሸጡ፣ ሳተላይቱም በግማሽ ዋጋ አያልቅም

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽው ደርሶኛል። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ልትጨርሺ ነው፤ ትናንሽ ሳተላይቶች ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ጥማድ በሬ ሸጠው ለማስተርስ ውጭ ሊልኩሽ አስበዋል። «አንዱን ከሠራን ቀጣዮቹ በግማሽ ዋጋ ስለሚያልቁ ሥራው በሽ በሽ ይሆናል» ብለሻል።

እዚህ ላይ አልስማማም። ሁለት ነገር ደባልቀሻል። ዲዛይን አንዴ ይሠራል፤ ወጪው ለምሳሌ ለስድስት ሳተላይት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ያንሳል። ለርኒንግ ከርቭ የሚባለው ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ቲ. ፒ. ራይት በ1936 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ምርት ላይ አሳየው፤ የተመረተው ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚፈጀው ጉልበት በተወሰነ መቶኛ ይቀንሳል። በ80 በመቶ ስሌት፣ ማለትም ብዛቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ፣ የመጀመሪያው 1000 ሰዓት ከፈጀ፣ ሁለተኛው 800፣ አራተኛው 640 ይፈጃል። ከ10 ለማይበልጡ ሳተላይቶች ግን የተለመደው ስሌት 95 በመቶ ነው። ሁለተኛው 950፣ አራተኛው 902 ገደማ። ግማሽ የሚባል ነገር የለም።

ያቺ ትንሽ ቅናሽ ደግሞ ያለችው በሠራተኛው እጅ ነው። የመጀመሪያውን ሳተላይት ሽቦ የሚያስረው ቴክኒሺያን እያንዳንዱን ጫፍ ከስዕሉ ጋር እያስተያየ ነው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጣውላ ላይ ሚስማር መትቶ የሽቦውን መንገድ አበጅቷል፤ ዝም ብሎ ይዘረጋዋል። እሱ ሥራ ከለቀቀ፣ ወይም መሐል ላይ ሁለት ዓመት ከተቋረጠ፣ አብዛኛው እንደ አዲስ ይጀመራል። የእኛዎቹን ተመልከቺ። በታኅሣሥ 2012 የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1፣ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፤ በዓመቱ የተከተለችው 10 ኪሎ አትሞላም። እንዲህ የተለያዩ ሲሆኑ አንዷ ለሌላዋ እጅ አታፍታታም።

ስለዚህ ተፈላጊው ተደጋጋሚ ሥራን የሚያውቅ፣ ሰዓት ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው ነው። እኔም በሙያዬ ያደግሁት መገጣጠሚያ ክፍል ውስጥ ነው። ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት ፋብሪካዎች ሥራ ጠይቂ። ምግብ ማቀነባበሪያ ነው ብለሽ አትናቂ። የትኛው ሥራ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ የቱ ተበላሽቶ እንደገና እንደተሠራ፣ በየቀኑ ጻፊ።

በሬዎቹ አይሸጡ። ለአባትሽ ፊት ለፊት ንገሪያቸው። ታናናሾችሽ የሚበሉት በበሬዎቹ ጉልበት ከሚታረሰው ነው፤ ገንዘቡም ከትኬትና ከማመልከቻ አያልፍም። ማስተርሱን በስኮላርሺፕ ካገኘሽ ሂጂ፣ ካላገኘሽ ይቆይ።

ውጤቴ ዝቅተኛ ነው ላልሽው፣ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ሥራው ነው። «ሴት ናት ብለው ወርክሾፕ አያስገቡኝም» ላልሽው ደግሞ፣ ቱታሽን ለብሰሽ ግቢ። ማመልከቻውን ስትጽፊ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።