ተጣብቆ የሚቀር የኪቦርድ ቁልፍ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ መካኒካል ኪቦርድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁልፍ ከክዳኑ ሥር የራሱ ስዊች (መጫኑን ለኮምፒውተሩ የሚያስተላልፍ ትንሽ ክፍል) ስላለው ኪቦርድ፣ የቀረቡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ «ተጣበቀ» በሚል አንድ ቃል የገለጻችሁት የተለያዩ ብልሽቶችን ነው። ተጭነውት ቀስ ብሎ የሚመለስ ወይም ታች የሚቀር ቁልፍ አለ፤ በደንብ እየተመለሰ ፊደሉን የሚደጋግምም አለ፤ ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሩ እንደተጫነ የሚቆጥረውም አለ። ጥገናቸው ስለማይመሳሰል መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት የትኛው እንደገጠማችሁ ለዩ።

ጥያቄ፦ ስኳር የበዛበት ሻይ ፈሶበት ሦስት ቁልፎች ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። በአልኮል ስጠርጋቸው ለጊዜው ይሻላቸውና በማግስቱ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስኳር በአልኮል እምብዛም አይሟሟም። አልኮሉ ያለሰለሰው ቅሪት ተመልሶ ስለሚደርቅ ነው ችግሩ የሚያገረሸው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አልኮል መሆን አለበት።

ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉ፤ ገመድ አልባ ከሆነ ያጥፉትና ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። የቁልፉን ክዳን በማውጫው፣ ማውጫ ከሌለም ጫፋቸው በታጠፈ ሁለት የወረቀት ክሊፖች፣ ወደ ጎን ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። ከዚያ ከሥሩ የሚታየውን የመስቀል ቅርጽ ያለው ዘንግ በእስክሪብቶ ጫፍ ይጫኑት። ክዳኑ ሳይኖር ፈጥኖ ከተመለሰ ጥፋቱ የክዳኑ ነውና በሞቅ ያለ ውሃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ ይበቃል። ያለ ክዳኑም ከዘገየ ግን ስኳሩ ያለው ስዊቹ ውስጥ ነው።

ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ አውጥተው ይክፈቱት፤ በውስጡ ከላይኛው ሽፋን ሌላ ዘንጉን፣ ሞላውን እና የመገናኛ ብረቶቹን የያዘውን የታችኛውን ክፍል ያገኛሉ። ሁሉንም በተጣራ ውሃ ካጠቡ በኋላ ጥንካሬው 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ያለቅልቋቸው፤ የመገናኛ ብረቶቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ግን በብሩሽ አይፈትጓቸው። በብየዳ የተያዘ ከሆነ ኪቦርዱን ጋደም አድርገው በሲሪንጅ ጥቂት ጠብታ የተጣራ ውሃ በዘንጉ ዙሪያ ያስገቡ፤ ደጋግመው ይጫኑት፤ ገልብጠው ያንጠፍጥፉት፤ ከዚያም በአልኮል ይድገሙት። በየነዳጅ ማደያው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ለዚህ ያገለግላል፤ አሲዱን በስህተት እንዳይገዙ ብቻ ይጠንቀቁ። አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ መልሰው አይሰኩት።

ጥያቄ፦ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር አለኝ። በእሱ ማጽዳት ይቻላል? ዘይት ጠብ ማድረግስ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይሞክሩ። ሳኒታይዘሩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ግሊሰሪን ስላለ አልኮሉ ሲተን እሱ ይቀራል። የምግብ ዘይትም ሆነ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ለጥቂት ቀን ያንሸራትትና አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ የባሰ ሙጫ ይሆናል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ግን ያገለግላል፤ ውሃ ስላለበት ማድረቂያ ጊዜውን ያርዝሙለት።

ጥያቄ፦ የኔ ችግር ስፔስ እና ኢንተር ላይ ብቻ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ስዊቹን ትተው ስታቢላይዘሩን ይመልከቱ። ረጃጅም ቁልፎች ግራና ቀኛቸው እኩል እንዲወርድ በሽቦ የተያያዙ ሁለት ደጋፊዎች አሏቸው። ቁልፉን በአንዱ ጫፍ ብቻ ሲጫኑት የሚያዝ ከሆነ ሽቦው ተጣሟል ወይም ከመያዣው ወጥቷል። የተጣመመ ሽቦ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ በእጅ ማቃናት ይቻላል።

ጥያቄ፦ «ለምን» ብዬ ስጽፍ «ልለምን» ይልብኛል። ቁልፉ ግን አይያዝም።

መልስ፦ በድምፅ በሚጻፍ የአማርኛ መጻፊያ ተነባቢው ብቻውን ሲነካ ሳድሱን ስለሚያወጣ፣ ቁልፉ አንዴ ተነክቶ ሁለቴ ሲቆጠር የሚታየው ልክ እንደዚህ ነው። መገናኛ ብረቶቹ ሲነካኩ ለቅጽበት ይርገበገባሉ፤ ኪቦርዱም ይህን እንዲያልፍ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይታገሣል። ብረቱ ሲቆሽሽ ወይም ሲያረጅ መርገብገቡ ከትዕግሥቱ ይረዝማል። የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ጥቂት ረጭተው ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑት፤ ካልተስተካከለ ስዊቹን ይቀይሩ። ኪቦርዱ ኪውኤምኬ የሚባለውን ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ በመደበኛነት 5 ሚሊሰከንድ የሆነውን ይህን የትዕግሥት ጊዜ ማሳደግ ይቻላል፤ እኔ ግን ይህን ለማስታገሻነት እንጂ ለጥገና አልቆጥረውም።

ጥያቄ፦ ሺፍት ሳልነካው እንደተነካ ይሆናል።

መልስ፦ ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ መንካት፣ ቁልፉን ለሚቀጥለው ፊደል ይዞ የሚያቆይ አገልግሎት እንዲጀመር ያስጠይቃል። ጠን፣ ጨን እና ጰን በሺፍት የሚጽፍ ሰው ሳያውቅ «አዎ» ብሎት ሊሆን ይችላል። ከቅንብሩ ውስጥ በተደራሽነት ሥር ካለው የኪቦርድ ገጽ ያጥፉት። ጠፍቶም ካልተወ ብቻ ወደ ስዊቹ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አንድ ስዊች ለመቀየር ምን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ ባለ 3 እና ባለ 5 እግር ስዊቾች አሉ። ቦርድዎ ባለ 3 ከሆነና ያገኙት ባለ 5 ከሆነ ሁለቱን ትርፍ የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ ቆርጠው ማስገባት ይችላሉ። የስዊቹ ቀለም ዓይነቱን ስለሚያመለክት ከጎረቤቶቹ ጋር ይመሳሰል፤ በቀይ ስዊቾች መሐል አንድ ሰማያዊ ቢገባ ይሠራል፣ ግን ቀጭ ማለቱ ያናድዳል። በብየዳ የተያዘውን ሲያወጡ መበየጃውን አንድ ቦታ ላይ አያቆዩ፤ ከቦርዱ ላይ ያለው ቀጭን መዳብ ይላጣል። አሮጌውን ካወጡ በኋላ አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ኪቦርዱን ሰክተው የስዊቹን ሁለት የብረት እግሮች የሚቀበሉትን ነጥቦች በወረንጦ ያገናኙ። ፊደሉ ከታየ ቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ካልታየ ግን አዲስ ስዊች መግጠም አይጠቅምም፣ ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ያሳዩት።